ሸራው ገና ነው፣ ቱቦው ግን አርጅቷል

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የ2008 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ አላቸው፤ በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሄድ ሃይብሪድ ናት። ከ210 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። ለዘይት ቅየራ ጋራዥ ሲገቡ መካኒኩ ከሥር አየና «የፊት የፍሬን ቱቦዎች ተሰነጣጥቀዋል፤ አራቱንም ብንቀይራቸው ጥሩ ነው» አላቸው። እሳቸው ግራ ገባቸው። ፍሬኑ ጥሩ ይይዛል። ፔዳሉ አይሰምጥም። የፍሬን ዘይት አይጎድልም። የፍሬን ሸራው (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ የሚይዘው) እንኳ ገና ግማሹ አላለቀም። «ሸራ ሳያልቅ ቱቦ እንዴት ያረጃል? መቀየር ካለበትስ ራሴ ብቀይረው ምን አለበት? ሌላዋ መኪናዬ ላይ ሸራም ቱቦም ቀይሬ አውቃለሁ» ይላሉ።

መካኒኩ እንዳላጭበረበረዎት እገምታለሁ። የሸራው አለማለቅ ስለ ቱቦው ጤንነት ምንም አይነግርዎትም። በሃይብሪድ ላይ እንዲያውም ያዘናጋል። ቢሆንም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በዓይንዎ ይዩት። ማየቱ ከባድ አይደለም። መቀየሩ ግን ከሌላዋ መኪናዎ ጋር አይመሳሰልም፤ ምክንያቱን ወደ ታች አብራራለሁ።

መጀመሪያ ሸራው ለምን እንደቆየ እንይ። እርስዎ ፍሬን ሲረግጡ አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋን የሚይዛት ሸራው አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። ጎማው ሞተሩን ያሽከረክረዋል፣ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፣ የተገኘው ኃይል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሸራው ሥራ የሚበዛበት በኃይል ሲረግጡ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርድ፣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ላይ ባትሪው ሞልቶ ተጨማሪ መቀበል ሲያቅተው ነው። ስለዚህ አንድ ሸራ 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢያገለግል አይገርመኝም።

ቱቦው ግን ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። የሚቆጥረው ዓመት ነው። ከላስቲክ የተሠራ ነው፤ መሐሉ ላይ በክር ተጎንጉኖ ተጠናክሯል። ከውጭ ሙቀት፣ ፀሐይና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ያደርቁታል። ከውስጥ ውኃ የሳበ የፍሬን ዘይት ይነካዋል። መሪ ባዞሩ ቁጥር ይታጠፋል፤ ጉድጓድ በገቡ ቁጥር ይሳባል። ይህ ሁሉ ሸራው ሠራ አልሠራ የሚቀጥል ነገር ነው። የእርስዎ ቱቦዎች ከፋብሪካ የመጡት ከሆኑ ዕድሜያቸው ከመኪናዋ እኩል ነው።

ሌላም ችግር አለ። በተራ መኪና ሸራ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ጎማው ቶሎ ቶሎ ይወልቃል። ጎማው ሲወልቅ ቱቦው ፊት ለፊት ይታያል። መካኒኩ ባይፈልግ እንኳ ያየዋል። ሃይብሪድ ላይ ግን ማንም ጎማውን የሚያወልቅበት ምክንያት ስለሌለ ቱቦው ዓመታት ሳይታይ ያልፋል። እኔ ጋ ከሚመጡት ሃይብሪዶች ብዙዎቹ ሸራቸው እንደ አዲስ ሆኖ ቱቦአቸው የደረቀ ነው።

ፔዳሉ እውነቱን አይነግርዎትም

«ፔዳሉ ጥሩ ነው» ያሉትን ልመለስበት። ተራ መኪና ላይ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። እግርዎ ሸራውን ዲስኩ ላይ ከሚጫነው ክፍል፣ ከካሊፐሩ ጋር በዘይት የተያያዘ ስለሆነ ቱቦው ሲያብጥ ፔዳሉ ይልማል፤ አየር ሲገባ ይሰምጣል። እግርዎ እንደ ሐኪም ጣት ነው።

የእርስዎ ፕሪየስ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። ከ2004 እስከ 2009 በነበረው ትውልድ፣ ሲስተሙ በደህና ጊዜ ሲሠራ፣ የረገጡት ዘይት ወደ ጎማው አይሄድም። ፔዳሉ ሥር ያለ ስፕሪንግ የያዘ ክፍል ይቀበለዋል፤ የእሱ ሥራ ፔዳሉ የተለመደ ጥንካሬ እንዲሰማዎት ማድረግ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደረገጡ ያነባል። ከዚያ ለሞተሩ የሚሆነውን ለሞተሩ፣ ለዘይቱ የሚሆነውን ለዘይቱ ያካፍላል። የዘይቱን ግፊት የሚያመነጨው ፓምፕና ግፊት ማጠራቀሚያ ነው እንጂ የእርስዎ እግር አይደለም።

ስለዚህ ቱቦው ቢያብጥም ፔዳሉ ያው ነው። አንዱ ቱቦ ከውስጥ ቢደፈንም ፔዳሉ ያው ነው። ኮምፒውተሩም ቢሆን ሁልጊዜ አያውቅም። ግፊቱን የሚለኩት ሴንሰሮች ያሉት እዚያው የፍሬን መቆጣጠሪያው ላይ እንጂ ካሊፐሩ ላይ አይደለም። ከቱቦው ወዲህ ያለውን ግፊት ያያሉ፤ ከቱቦው ወዲያ ዘይቱ መድረሱን አያዩም። የማስጠንቀቂያ መብራት አለመብራቱ ቱቦው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ትውልድ ላይ የኤሌክትሮኒክ ፍሬኑ ድንገት ሥራ ቢያቆም መኪናዋ ወደ ድሮው ዘዴ ትመለሳለች። የእግርዎ ግፊት በቀጥታ በዘይት ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ወደ ፊት ሁለቱ ጎማዎች ነው። ያን ጊዜ ያለዎት ፍሬን በእነዚያ በሁለቱ የፊት ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፈው ብቻ ነው። መካኒኩ ተሰነጣጥቀዋል ያላቸው ደግሞ እነሱን ነው።

እንዴት እንደሚያዩት

ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሙ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ያዙሩት። አሁን የግራው ጎማ ውስጠኛ ጎን ተከፍቶልዎታል። የእጅ ባትሪ ይዘው ቁጢጥ ይበሉ። ክሪክ አያስፈልግም። ከመኪናው አካል ወጥቶ ወደ ካሊፐሩ የሚሄድ ጥቁር ቱቦ ያያሉ፤ ውፍረቱ ከትንሿ ጣትዎ አይበልጥም። በውኃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት። ቆሻሻ ስንጥቅ ይደብቃል፣ አንዳንዴም ስንጥቅ ይመስላል።

ቀጥ ያለውን ቦታ ብቻ አይተው አይነሱ። ቱቦው የሚያረጀው ሲታጠፍ የውጭው ጎኑ ላይና ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። በሁለት ጣት ይዘው በቀስታ ጎበጥ ያድርጉት። ደህና ላስቲክ ጎብጦ ይመለሳል፤ ላዩ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ያረጀው ሲጎብጥ እንደ ተሰነጠቀ ተረከዝ አፉን ይከፍታል። ያኔ ወደ ስንጥቁ ውስጥ በባትሪው ይመልከቱ። ጥቁር ብቻ ከሆነ የተጎዳው ላዩ ነው። ነጣ ያለ ክር ካዩ ግን የሚይዘው ሽፋን ተጋልጧል ማለት ነው። ክር የታየበትን ቱቦ ይዘው ወደ ጋራዥ እንኳ አይንዱ። ይጎተት።

ቱቦው ላይ ቁመቱን ተከትሎ የሚሄድ መስመር ይፈልጉ። ለጌጥ የተሠመረ አይደለም፤ ቱቦው መጠማዘዝ አለመጠማዘዙን ማሳያ ነው። መስመሩ እንደ ገመድ ከዞረ አንድ ጊዜ የገጠመው ሰው አጣምሞታል። የተጠማዘዘ ቱቦ ከዕድሜው በፊት ይሄዳል።

ከዚያ መሪውን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረው እዚያው ቱቦ ላይ ይመለሱ። ጎማውን ወይም ሾክ አብዞርበሩን ይነካል? የተፋቀ፣ ያበራ ቦታ አለው? የተፋቀ ቱቦ ምክንያት አለው፤ ከማሰሪያው ወጥቷል ወይም ትክክለኛው መለዋወጫ አይደለም። ያንን ሳያርሙ አዲስ ቢገጥሙ አዲሱም ይፋቃል።

እርጥበት ካዩ ይንኩት። የፍሬን ዘይት ቀጠን ያለ፣ የሚያሟልጭ ነገር ነው፤ በውኃ ሲያጥቡት ይሄዳል። ከአክሰሉ የላስቲክ ሽፋን የወጣ ግራሶ ግን ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ውኃ አያስለቅቀውም። ሁለቱን አደባልቀው ሲጨነቁ የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። እውነተኛ የፍሬን ዘይት ከሆነ ግን ክርክር የለውም፤ ቱቦው አብቅቶለታል።

እብጠት ለማየት ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። መኪናዋ ፓርክ ላይ ትሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» ይብራ። ሰውየው ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ረግጦ ይያዝ። እርስዎ ጣትዎን ቱቦው ላይ አድርገው ይጠብቁ። ጥቂት መጠንከር ይሰማዎታል፤ እሱ ጤነኛ ነው። አንድ ቦታ ላይ እንደ አተር ጉብ ካለ ግን የውስጡ ክር ተበጥሷል። ይህን ሲያደርጉ እጅዎ ብቻ ይግባ፤ ሰውነትዎን መኪናው ሥር አያስገቡ።

የኋላዎቹን አይርሱ። ከመኪናው አካል ወደ ኋላው አክሰል በሚሻገሩበት ቦታ ላይ ናቸው፤ ጭቃና ዝገት ይሰበሰብባቸዋል። ለነሱ መኪናው መነሳት አለበት፤ ስለዚህ ጋራዥ ሲገቡ አብራችሁ እዩት። መካኒኩ «አየሁት» ካለዎት «ያሳዩኝ» ይበሉት። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይህ አያስቀይመውም።

ከውጭ የማይታየው

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከውጭ ምንም ሳይመስል ከውስጥ የተበላሸው ነው። አንዴ ነዳጅ መብላት ጀመረች የተባለች ሃይብሪድ መጣችልኝ። ባለቤቷ ባትሪው ሞተ ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ባትሪውን ስለካው ደህና ነው። ትንሽ ነድቻት መጣሁና በሙቀት መለኪያ ዲስኮቹን አየሁ። ሦስቱ ለብ ያሉ ነበሩ። የቀኝ የፊት ዲስክ ግን እጅ አያስጠጋም። ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ቀኑን ሙሉ ሲጎተት ነበር የሚውለው።

ቱቦው ከላይ ሲታይ ያምር ነበር። አውጥቼ በምላጭ ርዝመቱን ቀደድኩት። የውስጡ ላስቲክ አብጦ ቀዳዳውን የስፒል ጫፍ የማያሳልፍ አድርጎታል። አንድ ቅርፊት ደግሞ ተነስቶ እንደ በር ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ሲረግጡ ግፊቱ ቅርፊቱን ገፍቶ ያልፋል። ሲለቁ ዘይቱ የሚመለስበት ኃይል ስለሌለው ቅርፊቱ ይዘጋበታል። ካሊፐሩ እንደያዘ ይቀራል።

የዲስክ ሙቀት ሃይብሪድ ላይ ከተራ መኪና ይልቅ ጥሩ ምስክር ነው። ሸራው ብዙ ስለማይሠራ ዲስኮቹ ቀዝቀዝ ብለው ይውላሉ። ስለዚህ የሚጎተተው ጎልቶ ይታያል። ለስለስ አድርገው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱ፣ ፍሬን እምብዛም ሳይረግጡ ያቁሙ፣ የግራና የቀኙን ያነጻጽሩ። መለኪያ ከሌለዎት እጅዎን ወደ ጎማው ብረት ጠጋ ያድርጉ፤ አይንኩት። የፊቱን ከኋላው ጋር አያወዳድሩ፣ ግራን ከቀኝ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ቱቦው ዘይት እንዳይሄድ ሲያዘገይ። ይህን ለመለየት የኤሌክትሪክ ሞተሩን ከጨዋታው ማስወጣት አለብዎት። ሰው የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ ማርሹን ወደ «ኤን» ያድርጉት። ፕሪየስ ላይ በ«ኤን» ኃይል ወደ ባትሪ አይመለስም፤ የሚይዛት ሸራው ብቻ ነው። ከዚያ በዝግታ ይርገጡ። መሪው ወደ አንድ ጎን ከሄደ አንዱ ወገን አልያዘም ማለት ነው። በ«ዲ» ስትነዱ የማይሰማ መጎተት በ«ኤን» ቁልጭ ብሎ ይወጣል። መንገዱ በእርግጥ ባዶ ካልሆነ ግን ይህን ሙከራ ይተዉት።

መጎተት ቢኖርም ሁልጊዜ ቱቦው አይደለም። የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ሊደርቁ ይችላሉ፤ ሃይብሪድ ላይ ሸራው ስለማይንቀሳቀስ ይህ እንዲያውም የተለመደ ነው። የምለየው እንዲህ ነው። ጎማው በአየር ላይ ሆኖ እንደያዘ ሲቀር፣ ሲስተሙ ጠፍቶ፣ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን ጥቂት እፈታለሁ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ነፃ ከሆነ የታሰረ ግፊት ነበር ማለት ነው፤ ቱቦው ወይም ከቱቦው በላይ ያለው ነገር ነው። ጎማው አሁንም ካልዞረ ችግሩ ካሊፐሩ ራሱ ነው። ቱቦውን ከቱቦው በላይ ካለው ነገር ለመለየት በሌላ ጊዜ ጎማው ሲይዝ ከቱቦው በላይ ያለውን የብረት ቱቦ ዳዶ ነው የምፈታው። በዚያ ሲፈታ ጎማው ከተለቀቀ ችግሩ ከላይ ነው፤ ካልተለቀቀ ቱቦው ነው።

መቀየር ያለብዎት እንደሆነ

ላዩ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ክር ካልታየ፣ ካልረጠበና ካላበጠ ነገ ጠዋት አይደለም። ግን ቀጠሮ ይያዙለት። 10 ዓመት ያለፈው ቱቦ ስንጥቅ ማሳየት ከጀመረ እኔ አልከራከርም፣ እቀይራለሁ። ከፊት አንዱን ብቻ መቀየር አይታሰብም፤ አዲስና አሮጌ ጎን ለጎን ሲሆኑ የአያያዛቸው ፍጥነት ይለያያል። አራቱም ይቀየሩ ማለቱን በተመለከተ ደግሞ፣ በዕድሜ የተሰነጠቀ ከሆነ አራቱም እኩያ ናቸው፤ አየር የማስወጣቱም ሥራ አንዴ ከተሠራ ይበቃል። ስለዚህ ሐሳቡ ስግብግብነት አይመስለኝም። በመፋቅ የተጎዳ ከሆነ ግን ጥንዱ ይበቃል።

ዕቃውን ሲገዙ ከአሮጌው ጎን አድርገው ርዝመቱን፣ የአፉን ጥርስና የመሐሉን ማሰሪያ ያመሳስሉ። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያጠረ ቱቦ መሪው ሲዞር ይወጠራል። ቱቦው ላይ የታተመ ጽሑፍ መኖር አለበት፤ «ዶት» የሚል ምልክት፣ የአምራቹ መለያና የተመረተበት ጊዜ። ምንም ያልተጻፈበት ቱቦ በነፃ ቢሰጡኝም አልገጥምም። በሽቦ የተሸመነ ሽፋን ያላቸው የስፖርት ቱቦዎች ካማሩዎት ደግሞ እዚህ መኪና ላይ ትርጉማቸው አይገባኝም። የሚወደዱት ፔዳሉን ስለሚያጠነክሩ ነው፤ የእርስዎ ፔዳል ግን ጥንካሬው የሚመጣው ከስፕሪንግ ነው። በዚያ ላይ ሽቦው የውስጡን ጉዳት ይሸፍንብዎታል።

ራሴ ብቀይረውስ?

በሌላዋ መኪናዎ ላይ የሠሩት ሥራ ግማሹ እዚህም ያገለግላል። ሌላው ግማሽ ግን ሊጎዳዎት ይችላል።

ጠዋት የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ከፊት በኩል ለጥቂት ሰከንድ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ? ያ የፍሬን ፓምፑ ነው። ገና ቁልፍ ሳይነኩ፣ በር ሲከፈት ብቻ ነቅቶ ግፊት ያጠራቅማል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ባር በላይ ነው። አሁን ቱቦው ተፈትቶ፣ እርስዎ ካሊፐሩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ አንድ ሰው መጥቶ በሩን ከፍቶ ፍሬን ቢረግጥ ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። ዓይን ላይ ሊሄድ ይችላል። ሸራ እየቀየሩ ፒስተን ከካሊፐሩ ተተፍቶ የወጣባቸው ሰዎችም አሉ።

ስለዚህ መኪናዋ ትጥፋ፣ ስማርት ቁልፉ ከመኪናዋ ይራቅ፣ በሮቹ ይዘጉ፣ ፔዳሉን ማንም አይንካ። የ12 ቮልት ባትሪውን ወዲያው መፍታት ብቻውን በቂ አይደለም። በዚህ ትውልድ ላይ ለፍሬኑ ብቻ መጠባበቂያ ኃይል የሚይዝ ካፓሲተር አለ። ሲስተሙ ራሱ እስኪተኛ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ፣ ከዚያ ባትሪውን ይፍቱ። ከሁሉ የሚሻለው በመመርመሪያ ኮምፒውተር የፍሬን መቆጣጠሪያውን ሥራ ማገድ ነው፤ የአምራቹ መሣሪያ ለዚህ የተለየ ትእዛዝ አለው።

ሌላዋ መኪናዎ ላይ ዘይት እንዳይፈስ ፔዳሉን በእንጨት ተጭነው አስቀምጠው ይሆናል። ብዙዎቻችን እናደርገዋለን፤ ተራ መኪና ላይ ጥሩ ዘዴ ነው። እዚህ ግን ፔዳሉ ሲነካ ሲስተሙ ይነቃል። አይሞክሩት። ይልቅ ንጹሕ የላስቲክ ክዳን አዘጋጅተው የብረት ቱቦውን አፍ ወዲያው ይዝጉት።

መፍታቱ ላይ ዋናው ጣጣ የብረት ቱቦው ዳዶ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ከቱቦው ጋር በዝገት ይጣበቃል። በተራ ቁልፍ ሲይዙት ማዕዘኑ ይፈጭና ክብ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ዳዶውን ከሞላ ጎደል ዙሪያውን የሚይዝ፣ ቱቦው የሚያልፍበት ክፍተት ብቻ ያለው ቁልፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥር 10። በሌላ ቁልፍ ደግሞ የላስቲኩን ቱቦ የብረት አፍ ይያዙት፤ አለዚያ አብሮ ይዞርና የብረቱን ቱቦ ያጣምመዋል። ዳዶው ሲፈታ ቱቦው አብሮት መዞር ከጀመረ ያቁሙ። ያ የብረት ቱቦ ሊበጠስ ነው፤ ሥራው ከቱቦ ቅየራ ወደ ሌላ ሥራ ተሻገረ ማለት ነው።

ሲገጥሙ ሁሉንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ ያስጀምሩ። ካሊፐሩ ላይ የሚያርፈው አፍ ትንሽ ጥርስ አለው፤ ካሊፐሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ መግባት አለባት፤ ካልገባች ቱቦው ጠማማ ነው የሚገጠመው። እዚያ ያሉት ሮንዴላዎች አዲስ ይሁኑ። አሮጌው አንዴ ተጨፍልቆ ቅርጹን ይዟል፤ ደግሞ ሲታሰር ያንጠባጥባል። የጥብቀቱ መጠን ብዙ ጊዜ የብረት ቱቦው ዳዶ 15 ኒውተን ሜትር፣ የካሊፐሩ ብሎን 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። የእርስዎ መኪና መመሪያ የሚለው ይበልጣል። ማሰሪያ ክሊፑን ሳይመልሱ እንዳይተዉ፤ ካሊፐሩንም በቱቦው አያንጠልጥሉት፣ በሽቦ ስቀሉት። ላስቲኩ የሞተር ዘይትና ግራሶ አይወድም፤ ያብጣል። በፍሬን ማጽጃ የተጸዳ እጅና ጨርቅ ይበቃል።

ለዚህ ሁሉ እጅዎ ይደርስ ይሆናል። የሚቀረው አየሩን ማስወጣት ነው፤ እኔም «ራስዎ አይቀይሩት» የምለው እዚህ ላይ ነው። ሌላዋ መኪናዎ ላይ አንድ ሰው ይረግጣል፣ እርስዎ ብሎኑን ይፈታሉ፣ ያልቃል። እዚህ ላይ አየሩ በፓምፑ፣ በማጠራቀሚያውና በኤሌክትሪክ ቫልቮቹ መሐል ሊቀር ይችላል። ቫልቮቹን በትክክለኛ ተራ የሚከፍተው ኮምፒውተሩ ነው፤ በተለይ ለኋላ ጎማዎች። ያለ እሱ የተሠራ ሥራ መብራት ሰብስቦ፣ ፍሬኑ ደካማ ሆኖ፣ በጎታች መኪና ይመጣል። ዘይት ማስቀመጫው መሐል ላይ ባዶ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ አየር ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትግል ረጅም ነው። የማስቀመጫው መጠን ራሱ ያታልላል። ማጠራቀሚያው ግፊቱን ሲለቅ ዘይቱ ተመልሶ ከፍ ይላል፤ ግፊት ሲይዝ ዝቅ ይላል። ይህን ሳያውቅ የሞላ ሰው በኋላ ሲያፈስስበት ያገኘዋል። የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ወዲያው በውኃ ያጥቡት።

እንግዲህ ተስማሚ መመርመሪያ ኮምፒውተር ካለዎት ወይም ያለው ጓደኛ አብሮዎት ከቆመ፣ ይሥሩት። ከሌለ የማየቱን ሥራ ራስዎ ይሥሩ፣ የመቀየሩን ለሃይብሪድ ባለሙያ ይተዉ። ሲሄዱም አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «አየሩን በምን ታስወጣላችሁ?» ኮምፒውተሩን ካልጠቀሱ ሌላ ቦታ ይሂዱ። የሚገባው ዘይት ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን፤ የእርስዎ ዶት 3 ነው። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከነጭራሹ አይገባም። አጋጣሚውን ተጠቅመው ዘይቱ በሙሉ ይቀየር፤ ደረቅ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፣ ውኃ ሲስብ ግን እስከ 140 ይወርዳል።

ሥራው ሲያልቅ ጋራዡ ውስጥ እያሉ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው ቱቦው የሚነካው ነገር እንዳለ ይዩ። ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ረግጠው መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ይንኩ። በዝግታ ነድተው በ«ኤን» ያለውን ሙከራ ይድገሙት። ከሳምንት በኋላ መገጣጠሚያዎቹን እንደገና ያብሱ። አሮጌዎቹን ቱቦዎች ደግሞ ጋራዡ ውስጥ ጥለው አይምጡ። ምላጭ ይዘው ርዝመታቸውን ይቅደዱና ውስጣቸውን ይዩ። መካኒኩ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ ከምነግርዎት በተሻለ እነሱ ያሳዩዎታል።